እርማት የሌለው እምቢታ

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው መንገድ የምሥራቅ ጎጃም ወጣት ለትምህርትም ለእንጀራም የሚወጣበት መንገድ ነው። መንገዱ አንዳንዱን እስከ ዋሽንግተን ዙሪያ፣ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ድረስ ያደርሰዋል። እዚህ የደረሰ ልጅ ቀን መኪና ማቆሚያ ውስጥ እየሠራ ወይም ኡበር እየነዳ፣ ሌሊት ኮዲንግ ይማራል። ተምሮ ሲጨርስ ጁኒየር ፕሮግራመር ለሚል ማስታወቂያ ሁሉ ያመለክታል፤ የሚመጣለት መልስ ግን ከየትም ቢመጣ አንድ ዓይነት ነው፦ ስላመለከቱ እናመሰግናለን፣ በሌሎች አመልካቾች ለመቀጠል ወስነናል። ምክንያት የለውም፤ ብዙ ጊዜም መልሱ ራሱ አይመጣም። አገር ቤት ያለ አባት ደውሎ «ልጄ፣ ያ ሥራ እንዴት ሆነ?» ሲል አፍ ይተሳሰራል። ልጁም ቀስ በቀስ ጥፋቱን ከራሱ መፈለግ፣ አእምሮውን መጠራጠር ይጀምራል። ምክንያት ያልተነገረበት እምቢታ በሰው ችሎታ ላይ የተሰጠ ፍርድ አይደለም ብዬ አምናለሁ። ሰውን የሚሰብረው እንደ ፍርድ አድርጎ መቀበሉ ነው።

ማመልከቻው ከተላከ በኋላ የሚሆነውን በቅርብ እንየው። ቅጹ ከስምና ከአድራሻ ቀጥሎ ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ በዚህ አገር ለመሥራት ሕጋዊ ፈቃድ አለህ ወይ፣ አሁን ወይም ወደፊት የቪዛ ስፖንሰር ያስፈልግሃል ወይ? በተማሪ ቪዛ የመጣ ልጅ ለሁለተኛው «አዎ» ባለ ጊዜ፣ ብዙ ኩባንያ ዘንድ ጉዳዩ እዚያው ላይ ያበቃል። ስፖንሰር የሚሆን ኩባንያ ቢገኝ እንኳ የኤች ዋን ቢ ቪዛ ኮታ በዓመት 85,000 ብቻ በመሆኑ ነገሩ በዕጣ ይወሰናል። በዲቪ የመጣው ደግሞ ግሪን ካርድ ስላለው ይህ አይነካውም፤ ዋሽንግተን አካባቢ ግን ብዙ የሶፍትዌር ሥራ የፌዴራል መንግሥት ኮንትራት ነው፤ ኮንትራቱም በርካታ ጊዜ የደኅንነት ክሊራንስ ይጠይቃል። ክሊራንስ በመደበኛው አሠራር ለዜጋ የሚሰጥ ሲሆን ዜግነት ለማመልከት ደግሞ በአብዛኛው 5 ዓመት መቆየት ግድ ነው። የምሥራቅ ጎጃሙ ልጅ የጻፈውን ፕሮግራም አንድም ሰው ሳይከፍተው ማመልከቻው ወድቋል ማለት ነው። ሥራው ሳይታይ የወደቀ ሰው «አልችልም ማለት ነው» ብሎ ቢደመድም ያልተባለውን ሰምቷል።

ዘመኑም የራሱ ድርሻ አለው። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2022 ዜሮ አጠገብ የነበረውን ወለድ እያሳደገ በሐምሌ 2023 ከ5 በመቶ በላይ ሲያደርሰው፣ በርካሽ ብድር ሰው ሲቀጥሩ የቆዩ ኩባንያዎች እጃቸውን ሰበሰቡ። ሜታ በኅዳር 2022 ከ11,000 በላይ ሠራተኛ አሰናበተ፤ በጥር 2023 ጎግል 12,000፣ ማይክሮሶፍት 10,000፣ አማዞን ከ18,000 በላይ ሠራተኛ እንደሚቀንሱ አስታወቁ። ከእነዚህ ውስጥ የዓመታት ልምድ ያላቸው ሰዎች አሉ፤ ትምህርቱን ትናንት ከጨረሰው ልጅ ጋር በአንድ ገበያ ተሰልፈዋል።

እንዲህ ያለውን እምቢታ መሸከም ለእኛ የሚከብደው የመጣንበት የትምህርት ባህል ሌላ ስለሆነም ይመስለኛል። ቢቸና አጠገብ ዲማ ጊዮርጊስ አለ፤ ጎጃም በሙሉ የታወቀ የቅኔ አገር ነው። የቅኔ ተማሪ ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ሲወጣ፣ የቆጠረውን ቅኔ ሰምቶ በሚያርመው በአስነጋሪው ፊት ቀርቦ ይነግራል። ቤቱ ከተሰበረ ወይም ምሥጢሩ ካልገጠመ አስነጋሪው ያስቆመዋል። ያስቆመው ግን የት ላይ እንደሳተ ነግሮት ነው፤ ተማሪውም ሄዶ አቃንቶ ይመለሳል። ስሕተት በየጊዜው ይታረማል እንጂ ተማሪው ከጉባኤው አይወጣም። በዚህ ባህል ዙሪያ ያደገ ሰው «አይሆንም» ሲባል የሆነ ሰው ሥራውን መርምሮ ስሕተት እንዳገኘበት አድርጎ ይሰማል። የኩባንያው መልስ ግን ያልተመረመረ ሥራ ላይ የተላከ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥበብ መለየት ነው፤ ሥራው ታይቶ የመጣውን እምቢታ ሳይታይ ከመጣው መለየት።

ይህ ለሰነፍ ሽፋን አይሆንም ወይ የሚል ይኖራል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ማንም ሰው እምቢታውን ሁሉ በቪዛና በወለድ ቢያሳብብ የራሱን ጉድለት ሳያይ ይቀራል። መለየት የሚጠቅመው ለዚሁ ነው። ማመልከቻው ከማጣሪያው ካላለፈ መታየት ያለበት ሬዙሜውና የሚያመለክትበት የሥራ ዓይነት ነው፤ ክሊራንስ የሚጠይቀውን አስቀድሞ ለይቶ መተው ብቻውን ብዙ ድካም ያስቀራል። የኮዲንግ ፈተናው ላይ እየወደቀ ከሆነ ልምምድ ጎድሎታል። ኢንተርቪው ደርሶ ከቀረ ደግሞ የሚያውቀውን በእንግሊዝኛ አብራርቶ መናገር ይለማመድ፤ ኩባንያውንም የት ላይ እንደጎደለው ይጠይቅ። ብዙዎቹ አይመልሱም፤ የሚመልስ አንድ ከተገኘ ግን ያ እርማት ነው።

ሌላው፣ ስማችን ነው የጣለን ይላል። ይህንን ቅዠት ነው ብሎ ማጣጣል አይቻልም። በርትራንድና ሙላይናታን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት፣ ለቦስተንና ለቺካጎ ቀጣሪዎች ተመሳሳይ ሬዙሜዎች በተለያየ ስም ተልከው፣ የነጭ የሚመስል ስም ያለበት የጥቁር ከሚመስለው በ50 በመቶ የበለጠ ጥሪ አግኝቷል። አድልዎው አለ። ካለ ደግሞ እምቢታውን የችሎታ ሚዛን አድርገን የማንቀበልበት ተጨማሪ ምክንያት ነው፤ በሰው በኩል መግባት የሚያዋጣውም ለዚህ ነው። ከውስጥ ያለ ሠራተኛ «ይህን ሰው አውቀዋለሁ፣ ሥራውን አይቻለሁ» ካለ፣ ስሙ ብቻውን ሊዘጋው የሚችለው በር የመከፈት ዕድል ያገኛል።

ከሁሉ የሚከብደው ሰው ሠራሽ አስተውሎት የጁኒየሩን ሥራ ወሰደው የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ለዚህ ቴክኖሎጂ ይበልጥ በተጋለጡ ሙያዎች፣ ከ22 እስከ 25 ዓመት የሆናቸው ሠራተኞች ቅጥር ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር 13 በመቶ ያህል መቀነሱን አሳይቷል። እውነታው ይህ ከሆነ ጁኒየር ፕሮግራመር የሚለው ማዕረግ ብቻውን ግብ መሆኑ ይቅር። የአይቲ ድጋፍ፣ የሶፍትዌር ፍተሻ፣ በሆስፒታል ወይም በትምህርት ቤት ያለ የዳታ ሥራ ሁሉ ኮድ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። ሥራ አይናቅም። መንገድ መቀየርም ነውር የለበትም፤ ውሳኔው ግን በሒሳብ ይሁን እንጂ በቆሰለ ልብ አይሁን።

አገር ቤት ያሉትም መታሰብ አለባቸው። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተዘግቶ በነበረበት ጊዜ፣ በኢንተርኔት ኮዲንግ ልማር ያለ የቢቸና ወጣት ማመልከቻ ለመላክ ቀርቶ ትምህርቱን ለመክፈት ተቸግሯል። እሱ እንደ እኛ እምቢ ለመባል እንኳ ዕድል አላገኘም።

የመጨረሻው ቃሌ ሥራ ለያዙት ነው። በየኩባንያው ተቀምጣችሁ ኮድ የምትጽፉ የአገሬ ልጆች፣ ገበያው አስነጋሪ የለውምና እናንተ አስነጋሪ ሁኑ። አዲስ የመጣው ልጅ ሬዙሜውን ሲልክላችሁ «በርታ» ብላችሁ ብቻ አታልፉት፤ አንብቡት፣ የጻፈውን ኮድ ክፈቱት፣ የተሳሳተበትን መሥመር አሳዩት፣ አርሞ ሲመለስም ደግማችሁ እዩለት። አንዲት የእሑድ ከሰዓት ለዚህ ትበቃለች። ሥራ ፈላጊውም እርማት ለመጠየቅ አይፈር።