ይሠራ ነበር እኮ!

ይሠራ ነበር እኮ! የመመረቂያ ፕሮጀክታችን ገበጣ ነበር። ጣት ሲነካው ጠጠሩ ከጉድጓድ ጉድጓድ ይዘራል፣ ይበላል፣ ተራ ይጠብቃል። ፈታኞቹ ሳይቀሩ ስልኩን ተሻምተውበታል። ማርኩን አገኘን። ከዚያስ? ጋዋን ለበስን፣ ፎቶ ተነሣን፣ ተበተንን።

ምን ጎድሎን ነው? የጨዋታ መሥሪያው ጎዶት በነጻ ይወርዳል። ፕሌይ ስቶር ለምዝገባ የሚጠይቀው 25 ዶላር ነው፤ እሱም አንዴ ብቻ። የውጭ ካርድ የለንም አልን። እውነት ነው፣ አልነበረንም። ግን ውጭ አገር አክስት ወይም የሰፈር ልጅ የሌለው ከመካከላችን ማን ነበር? ጫማ ላኩልን ስንል ያላፈርን ይህን ክፈሉልን ማለት ከበደን?

ኮዱን እንኳ በወጉ አላስቀመጥንም። ኮድ ማስቀመጫው ጊትሃብ ላይ መጫን የደቂቃዎች ሥራ ነበር። እኛ በፍላሽ ተቀባበልን። የመጨረሻው ቅጂ አንድ ላፕቶፕ ላይ ቀረ፤ ላፕቶፑ ፎርማት ተደረገ። የፕሮጀክቱ ጥራዝ ግን ትምህርት ክፍሉ መደርደሪያ ላይ አለ! ዲያግራሙ ሁሉ ተሟልቷል፤ ጨዋታው የለም።

በአሜሪካ የዲጂፔን ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 «ናርባኪውላር ድሮፕ» የሚባል የተማሪ ጨዋታ ሠሩ። አውጥተው ለሰው አሳዩት። የጨዋታ ኩባንያው ቫልቭ ቡድኑን እንዳለ ቀጠረው፤ ሐሳቡ እ.ኤ.አ. በ2007 «ፖርታል» ሆኖ ወጣ። እሱ ሩቅ ነው እንበል። እዚሁ አዲስ አበባ ቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ»ን ሠርቶ ከሰው ስልክ አላደረሰም? በዚሁ መብራት፣ በዚሁ ኢንተርኔት!

ከሁሉ የሚያንገበግበን ግን ሕጎቹ ናቸው። ገበጣ አንድ አይደለም። አንዱ አገር በሁለት ረድፍ ይጫወተዋል፣ ሌላው በሦስት፤ አጀማመሩም አበላሉም ይለያያል። የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት ከኢትዮጵያና ከአካባቢዋ ከመቶ በላይ ዓይነት መዝግበዋል። ያኔ በኪስ የሚያዝ ካሜራ ነበር? እኛ ነበረን! ለፕሮጀክቱ ብለን አዛውንቶች ዘንድ ሄድን። መሬት ቆፍረው፣ ጠጠር ቆጥረው፣ «በኛ አገር እንዲህ አይበላም፣ ልጆቼ» እያሉ አሳዩን። ቀረጽናቸው። ከዚያ ሁሉ አንዱን ሕግ ብቻ መርጠን ኮድ አደረግን። የቀረውን «ወደፊት ይጨመራል» ብለን ጥራዙ መጨረሻ ላይ ጻፍን። ማን ሊጨምረው? መቼ? ስልካችን ሲሞላ ቪዲዮውን አጠፋነው። ለምን? ለፊልም ቦታ!

ኮዱስ ዳግም ይጻፋል። ዛሬ ከኛ የበረቱ ልጆች አሉ፣ ቁጭ ብለው ይጽፉታል። እነዚያን አዛውንቶች ግን ማን ሄዶ ይጠይቃቸዋል? ስንቶቹስ በሕይወት አሉ? እኛ አግኝተናቸው ነበር። ቡና አፍልተው፣ አጠገባቸው አስቀምጠውን፣ አንዲት ሳይሰስቱ ነግረውን ነበር!