የማን ዜማ ነው?

ዛሬ አንድ ሳክስፎን ተጫዋች በቴሌግራም የድምፅ ፋይል ልኮ «ይሄን ለአልቶ በኖታ ጻፍልኝ፤ ሒሳቡን በቴሌብር እልክልሃለሁ» አለኝ። የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ የፒያኖ ሥራ ነው።

በጆሮ እየሰሙ ኖታ ማውጣት ቀልድ አይደለም፤ አንዳንዴ አራት ሰከንድ ግማሽ ሰዓት ትበላለች። ለድካሜ ማስከፈሌ አያሳፍረኝም።

ዜማው ግን የእኔ አይደለም። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ማባዛቱንም ማቀናበሩንም የሰጠው ለደራሲው ነው፤ ከሞት በኋላም 50 ዓመት ለወራሾች። እማሆይ ያረፉት በ2015 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ቁጠሩት!

(ባቲ ወይም አምባሰል ቅኝትን ብቻ ቢለኝማ ምን ገዶኝ፤ ቅኝት ባለቤት የለው።)

«መጀመሪያ ፈቃድ እንጠይቅ» አልኩት።

«ለሠርግ እኮ ነው!» ብሎ ሳቀ።

ኖታ የምትጽፉ ሰዎች፣ ፈቃዱን ማን ይጠይቅ ትላላችሁ? ጸሐፊው ወይስ ተጫዋቹ?