በባሕራ መንገድ ላይ የጠፋ እሳት

ሰኔ 10 ቀን 2016 ዓ.ም. መካ፣ ታላቁ መስጊድ ላይ ሙቀቱ 51.8 ዲግሪ ሴልሺየስ ደረሰ። የሐጅ ሰሞን ነበር። የሳዑዲ መንግሥት በዚያ ሐጅ 1,301 ሰው መሞቱን፣ ከሟቾቹም 83 በመቶው ፈቃድ ያልነበራቸውና በፀሐይ ረጅም መንገድ በእግራቸው የተጓዙ መሆናቸውን በኋላ አስታወቀ። እኔ የምመሰክረው ሐጃጁ ከተበተነ በኋላ፣ ሙቀቱ ግን ንቅንቅ ባላለበት ሳምንት እኛ ላይ የደረሰውን ነው።

መካ ውስጥ ሞተር ሳይክል ጠጋኝ ነኝ። ጋሼ የምላቸው የከሚሴ ሰው የአንድ ሕንፃ ዘበኛ ናቸው። ያላቸው ንብረት አንድ አሮጌ ሆንዳ ሲጂ 125 ነበር። ሞተሩ ጠዋት በአንድ ርግጫ ይነሳል፤ ሲግል ይጠፋል፤ ሲበርድ እንደገና ይነሳል። ሌላ ወርሻ (ጋራዥ) ወስደውት ዕቃው ሁሉ ተቀያየረለትና «ተሠርቷል» ተባሉ። ጅዳ ገዢ ስለተገኘለት አብሬያቸው እንድሄድ ለመኑኝ። እኔ ያዝኩት፣ እሳቸው ከኋላ ተፈናጠጡ፤ በአሮጌው የጅዳ መንገድ ወጣን።

ሹመይሲን አለፍን። ሹመይሲ የጥንቱ ሑደይቢያ ነው፤ ነቢዩ ከቁረይሾች ጋር ስምምነት የተዋዋሉበት። ሐበሻ ዘንድ ግን ስሙ ሲነሳ ቀድሞ ትዝ የሚለው ከአገር የሚባረሩ ሰዎች ማቆያው ነው። ጋሼ ኢቃማቸውን (የመኖሪያ ፈቃዳቸውን) በላስቲክ ጠቅልለው ደረታቸው ኪስ ውስጥ ይዘዋል፤ እዚያ ሲደርሱ ሁሌም በእጃቸው ይዳብሱታል።

በመካና በጅዳ መሀል ወዳለችው ባሕራ ስንቃረብ ሞተሩ ድርግም አለ። ቤንዚን ያጠረው ሞተር እየተንተፋተፈ፣ እየተጎተተ ነው የሚሞተው። ይሄኛው ግን ቁልፉን ያጠፋሁት ያህል በአንድ ጊዜ ጭጭ አለ። ስለዚህ ካርቡራተሩን አልነካሁትም።

«የኔ ልጅ፣ ባትሪው እኮ አዲስ ነው» አሉኝ ጋሼ፤ ክላክሱን ተጫኑት፣ ጮኸ። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያፈስሰው እዚህ ጋ ነው። የዚህ ዓይነቱ ሲጂ ባትሪ ክላክስና ፍሬቻ ያሠራል እንጂ ካንዴላው ዘንድ ዝር አይልም። የካንዴላው እሳት የሚወለደው ማግኔቱ ሥር ካለው ጥቅልል ነው፤ ከዚያ ሲዲአይ፣ ከዚያ ቦቢና፣ ከዚያ ካንዴላ። ሲዲአዩ፣ ቦቢናውና ካንዴላው አዲስ ናቸው። በመሀላቸው ያለውን ሽቦ ግን ማንም ዞር ብሎ አላየውም።

ካንዴላውን ፈታሁት፤ ቤንዚን ነክቶታል። ብረት አስነክቼ ረገጥኩ። በዚያ ፀሐይ እሳቱ ቢኖርም አይታይም፤ ለማየት የሚያጠላ ነገር ያስፈልጋል። የነበረን ጨርቅ የጋሼ ሽማግ (የራስ መጠምጠሚያ) ብቻ ነው። እሱን ልቀበላቸው ዞር ስል ፊታቸው ደርቋል፣ ላብ የሚባል የለም። «ላሞቹን አስገባቸው፣ መሽቷል» አሉኝ።

ስልኬን ባወጣው በሙቀት ብዛት ራሱን አጥፍቷል። ሽማግሌውን የማስታወቂያ ሰሌዳ ምሰሶ ያጠላባት ጠባብ ቦታ ላይ አስቀመጥኳቸው፤ ከጠርሙሱ የቀረችውን ውሃ ሽማጉ ላይ አፍስሼ ራሳቸውንና አንገታቸውን ጠቀለልኩ። የሚያልፉትን መኪኖች በሁለት እጄ ለመንኩ። አንድም የቆመ የለም።

ጨርቁ ጋሼ ላይ ስለሆነ እሳቱን በጣቴ መፈለግ ነበረብኝ። የካንዴላውን ኮፍያ ከገመዱ ላይ ፈትቼ ጫፉን በቀኝ እጄ ያዝኩ፣ ግራ እጄን ወደ ኋላዬ አደረግሁ፣ ረገጥኩ። ምንም። ይህን ለማንም አልመክርም፤ የቦቢና ጉልበት ቀልድ አይደለም።

ሆንዳ ላይ ከሲዲአይ ወደ ቁልፉ የሚሄድ ነጭ መስመር ያለው ጥቁር ሽቦ አለ። ቁልፉ ሲዘጋ ይህን ሽቦ ማሳ ያደርገዋል (ከብረቱ ጋር ያገናኘዋል)፣ ሞተሩም ይጠፋል። ሽፋኑ ተልጦ ቴላዮውን (የሞተር ሳይክሉን አጽም) ከነካም ማንም ቁልፍ ሳይነካ ያው ነገር ይሆናል። ወንበሩን አንስቼ ያችን ሽቦ ከሶኬቷ ነቀልኳት። እንደገና ይዤ ረገጥኩ። እስከ ክርኔ መታኝ። በመመታቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ካንዴላውንና ኮፍያውን መለስኩ፣ ሞተሩ ተነሳ። ጋሼን ከጀርባዬ አስቀምጬ በቀበቶዬና በእሳቸው ቀበቶ ከወገቤ ጋር አሰርኳቸው። አየሩ ከሰውነት ሙቀት ሲበልጥ ነፋስ አያበርድም፣ ያነድዳል፤ የሚያበርደው ከእርጥብ ጨርቅ የሚተን ውሃ ነው። ሽማጉ ሳይደርቅ መድረስ ነበረብኝ። በየደቂቃው «ጋሼ!» እላለሁ፤ አንዳንዴ ያቃስታሉ፣ አንዳንዴ መልስ የለም።

ባሕራ ነዳጅ ማደያ ስንገባ የማደያው ልጆች ሮጠው ተቀበሏቸው። አንዱ የውዱ ቧንቧው ላይ ጎማ ሰክቶ ውሃ ለቀቀባቸው፣ ሌላው ከበቃላው (ከሱቁ) በረዶ አምጥቶ ብብታቸው ሥር አደረገ፣ ሦስተኛው ለአምቡላንስ 997 ደወለ። አንድ ሰው ደግሞ ከወዲያ ይጮህብኛል፤ ሞተሩ ቤንዚን መቅጃው አጠገብ ይንደቀደቃል። ቁልፉን ዘጋሁት፣ አልጠፋም፤ ሽቦዋን ነቅያታለሁና። ፍሬን ይዤ፣ ማርሽ አስገብቼ፣ ፍሪሲዮኑን ለቅቄ አነቅሁት።

ሐኪሞቹ የፀሐይ ምት ነው አሉ። ጋሼ ተርፈው ወጡ።

ሞተሩን ወርሻ አስገብቼ ታንኩን ሳነሳ፣ ሽቦዋ መሪው ከሚዞርበት አንገት ጋ በናስትሮ ተጠቅልላለች። የናስትሮው ሙጫ በሙቀት ቀልጦ ተንሸራቷል፤ የጥፍር ወርድ የምታህል መዳብ ወጥታ ቴላዮው ላይ ጥቁር ነጥብ አቃጥላለች። ሲበርድ ለምን ይነሳ እንደነበር ነጥቧን ሳይ ገባኝ፤ ሙጫው ሲረጋ ሽቦዋ ፈቀቅ ብላ ትቀመጣለች። ቆርጬ በአዲስ ሽቦ ቀጠልኳት፣ መሪው እንዳይፈትጋት መንገዷን ቀየርኩ።

ጋሼ ሊወስዱት ሲመጡ የድሮውን ሲዲአይና ቦቢና በፌስታል ይዘው ነው። ክፉ ቃል አልወጣቸውም፤ «እነዚህ ደህና ከነበሩ መልሰህ ግጠምልኝና አዲሶቹን ልሽጣቸው» አሉኝ። ገጠምኩላቸው። ይሠራሉ።