ስለ ሞተር ብስክሌት ጎማና ስለ ዓባይ ቁልቁለት

ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የሚሄድ ሰው የእንጦጦን ተራራ ካለፈ በኋላ የሱሉልታን፥ የጫንጮንና የሙከ ጡሪን ሜዳ ያገኛል። መንገዱ በብዙው ቀጥ ያለ ስለ ሆነ፥ በሞተር ብስክሌት የሚሄድ መንገደኛ በዚህ ስፍራ ሳለ ጎማውን አያስብም። 185 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጎሐ ጽዮን በደረሰ ጊዜ ግን ምድር ከፊቱ ትከፈታለች። ከዚያ እስከ ደጀን ያለው 40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርድና፥ መጽሐፍ ግዮን የሚለውን ወንዝ ተሻግሮ እንደ ገና ያንኑ ያህል ይወጣል። በግርጌውም በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀው፥ 303 ሜትር ርዝመት ያለው የሕዳሴ ድልድይ ከቀድሞው ድልድይ አጠገብ ይታያል።

የዚህን ሸለቆ ውበት የሚያደንቅ ብዙ ነው። በሬ ሆይ፥ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ እንደ ተባለው እንዳይሆን ግን፥ ጎማው መለወጥ የሚገባው መቼ እንደ ሆነ መንገደኛው አስቀድሞ ሊያውቅ ያስፈልገዋል።

መጀመሪያ የሚታየው ቅርጹ ነው። ሞተር ብስክሌት በጠመዝማዛ መንገድ የሚዞረው ወደ ጎን በማዘንበል ነውና፥ ጎማው እንደ እንቁላል ክብ ሆኖ ይሠራል። በሜዳ ላይ ሲሄድ ግን መሬት የሚነካው መካከሉ ብቻ ስለ ሆነ መካከሉ ተበልቶ ይደለደላል። እንዲህ ያለው ጎማ በሱሉልታ ምንም ነገር አይሰማውም፤ በዓባይ ኩርባ ላይ ባዘነበለ ጊዜ ግን ከተደለደለው ጠርዝ ላይ በድንገት ይወድቃል። ሜዳው በስውር የሠራውን በደል ገደሉ ይመሰክርበታል ማለት ነው።

ሁለተኛው የጥርሱ ጥልቀት ነው። በጎማው ቦይ ውስጥ በየስፍራው ጥቂት ከፍ ያለ የጎማ ምልክት አለ። የጥርሱ ገጽ ከዚህ ምልክት ጋር በተካከለ ጊዜ የጎማው ዘመን ተፈጽሟል። የእንግሊዝ ሕግ ቢያንስ 1 ሚሊ ሜትር፥ የጀርመን ሕግ 1.6 ሚሊ ሜትር ጥልቀት እንዲኖር ያዝዛል፤ ቁልቁለት የሚጠብቀው ሰው ግን እስከዚህ መጨረሻ ባይጠብቅ ይሻላል። በክረምት አስፋልቱን ውሃ በሸፈነው ጊዜ፥ ያን ውሃ ወደ ጎን የሚያስወጣው ቦዩ ነው። ልሙጥ ጎማ ግን መሬቱን ለቆ በውሃው ላይ ይንሳፈፋል፤ ፍሬን ቢይዙትም አይቆምም።

ሦስተኛው ዕድሜው ነው። ጎማ ሳይሄድም ያረጃል፤ በፀሐይ የቆመ ጎማ እየደረቀ በጎኑ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ያበጃል። የተሠራበት ጊዜ በጎኑ በአራት አኃዝ ተጽፎ ይገኛል። 2319 ቢል፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2019 ዓመት በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፤ ይህም በእኛ አቆጣጠር የ2011 ዓ.ም. ግንቦት ማለቂያ ነው። አንዳንድ የታወቁ ጎማ ሠሪዎች ጎማ 5 ዓመት ካገለገለ በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ እንዲመረመር፥ ከተሠራ 10 ዓመት የሞላው ግን ጥርስ ቢኖረውም እንዲለወጥ ይመክራሉ። ክሩ የታየ፥ ጎኑ ያበጠ ወይም ጎኑ የተቀደደ ጎማ ግን ቀን የሚሰጠው አይደለም፤ ጎሚስታውም ልጠፍልህ ቢል እሺ አይባልም።

ብዙ ሰው የኋላው ጎማ ፈጥኖ ስለሚያልቅ እርሱን ብቻ ለውጦ የፊቱን ይተወዋል። ነገር ግን በቁልቁለት ፍሬን በተያዘ ጊዜ ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ይሄዳልና፥ የፊቱ ጎማ ሳይመረመር ወደ ዓባይ መውረድ አይገባም። አየሩንም ጎማው ሳይሞቅ በማለዳ መለካት፥ ከኋላ ሰው በተቀመጠ ጊዜም የሠሪው መጽሐፍ ያዘዘውን ያህል መጨመር ያስፈልጋል። አዲስ ጎማ ደግሞ ገጹ ያንሸራትታልና የመጀመሪያውን 150 ኪሎ ሜትር ያህል በቀስታ መሄድ ይገባል። ስለዚህ ከጉዞው አንድ ሳምንት አስቀድሞ ይግጠሙት እንጂ በጉዞው ዋዜማ አይግጠሙት። ዘይት ለመግዛት በእኩለ ሌሊት የወጡት ደናግል ምን እንዳገኛቸው የታወቀ ነው።

አባቶቻችን ረጅም መንገድ ሲነሡ የበቅሎዋን ጀርባና ሰኮና ሳይመለከቱ ኮርቻ አይጭኑም ነበር። በቅሎ ባትችል ቆማ ታሳውቃለች፤ ጎማ ግን እስኪጥል ድረስ ዝም ይላል። የቤቱ ጌታ ለጎማ የሚወጣውን ገንዘብ አይቶ ገና አንድ ወር ያገለግላል ባለ ጊዜ፥ ያ አንድ ወር ከኋላው በተቀመጠችው ሚስቱም ሕይወት የተገዛ መሆኑን ያስብ። እመቤቲቱም ስንቁን ስታሰናዳ ወጥታ ጎማውን በእጅዋ ብትዳስስና ብትጠይቅ መብትዋ ነው፤ ባልዋም ደስ ብሎት ሊመልስላት ይገባል።