ገልባጭና አራሚ

የቋንቋ ተማሪዎች ስለ ካንሰር ምን አገባቸው የሚለን ቢኖር መልሳችን አጭር ነው። ነገሩ የግልባጭ ነገር ነው፤ ግልባጭ ደግሞ የጎጃም ሙያ ነው። በዲማ ጊዮርጊስም ሆነ በደብረ ወርቅ ቁም ጸሐፊው አሮጌውን ብራና እያየ አዲሱን ሲጽፍ ኖሯል። የደከመው ለታ ፊደል ይዘላል፤ አራሚው ፍቆ ያቃናዋል። ከአራሚው ያመለጠች ስሕተት ግን ወደሚቀጥለው ብራና ትሻገራለች።

የሰውነታችን ሕዋስም እንዲሁ ነው። ለሁለት ሊከፈል ሲል ስድስት ቢሊዮን ገደማ የዲ ኤን ኤ ፊደል መገልበጥ አለበት። ክሩን የሚፈለቅቁለት ኤም ሲ ኤም የተባሉ ስድስት ፕሮቲኖች እንደ ቀለበት ገጥመው ነው። የዚህ ቤተሰብ ፍለጋ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1984 በታተመ የእርሾ ጥናት ነው፤ እናቶቻችን ስንት ዘመን ሲያቦኩት የኖሩት እርሾ! በጤነኛ አንጀት ግድግዳ ውስጥ ከሥር ያሉት ሕዋሳት ይገለብጣሉ፤ ወደ ላይ ሲወጡ ሥራውን ይተዋሉ፤ ኤም ሲ ኤምም አብሮ ይጠፋል። በካንሰር ጊዜ ግን ማቆም የለም። ስለዚህ የፓቶሎጂ ሐኪሞች ፕሮቲኑን በቀለም እያወጡ ይቆጥራሉ፤ ከቁጥሩም የበሽተኛውን ዕጣ ለመገመት ይሞክራሉ። ግምቱ ከጥናት ጥናት ይለያያል።

እኛን የገረመን ሌላው ነው። ፖሊመሬዝ ኤፕሲለን የሚባል ፕሮቲን አለ፤ ገልባጭም አራሚም በአንድ ራስ። የጻፈውን ወዲያው ዞር ብሎ ያያል፣ የሳተውን ይፍቃል። ይህ የማረም ችሎታው ሲበላሽ ስሕተቱ እልፍ ይሆናል፤ ካንሰርም ሊመጣ ይችላል። እንግዲህ ይኸኛው ካንሰር ከሁሉ የከፋ ይሆናል ብለን ነበር የጠበቅነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ከ6,500 በላይ የአንጀት ካንሰር ሕሙማንን የመረመረ ጥናት ግን ተቃራኒውን አሳየ፤ ይህ ብልሽት የተገኘባቸው ከመቶ አንድ ገደማ ሲሆኑ፣ በሽታው ሳይሠራጭ ከተደረሰላቸው መካከል ያገረሸባቸው ጥቂት ናቸው። ምክንያቱ የሚመስለው፦ ስሕተቱ ከመብዛቱ የተነሣ የሰውነት ዘበኞች ባዕዱን ለይተው ያጠቁታል። ቅኔ ቤት ውስጥ ቢሰማ ስንቱን ባለቅኔ ባስነሣ ነበር።

ይሁንና ይህን መርምሮ የሚያውቅ መሣሪያ በየከተማው የለም። ዛሬም ዋናው መለኪያ ደረጃው ነው፤ ዕጢው የአንጀቱን ግድግዳ ምን ያህል ዘልቋል? ወደ ሊምፍ ዕጢ ተሻግሯል? ይህን አመዳደብ ለፊንጢጣ ካንሰር እ.ኤ.አ. በ1932 ያወጣው እንግሊዛዊው ከዝበርት ዱክስ ነው። የሠራበት የለንደን ሆስፒታል ስም ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ቅዱስ ማርቆስ! መንቆረርን ደብረ ማርቆስ ያሰኘው ያው ቅዱስ።

ደረጃውም ቢሆን የሚረዳው ቶሎ ለመጣ ነው። የአንድ ጓደኛችን አባት የጎዛምን ገበሬ ናቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ ደም እያዩ «ኪንታሮት ነው» ብለው ዝም አሉ። ጎረቤት ቅጠል አመጣ፤ ቅጠሉም ለጊዜው ያሻላቸው መሰለ። ደግሞስ እንዲህ ያለ ነገር ለማን ይነገራል? ለልጅ? ለምራት? ሆዳቸው ተነፍቶ ሐኪም ፊት ሲቀርቡ ዕጢው ጉበታቸው ላይ ደርሷል። ሐኪሙ ለልጆቹ ነገራቸው፤ ልጆቹ «ቁስለት ነው ተብሏል» አሏቸው።

በዚህ ነገር መኝታ ቤታችን ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ «መርዶ እንኳ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎሕ ሲቀድ ነው የሚነገር፤ የራሱን መርዶ ለራሱ የሚያረዳ የት ሀገር አለ?» አለ። እኛ የቀረነው በዚህ አንስማማም። የሐኪም ትንበያ የብዙዎች ቁጥር ነው፤ ከመቶ ሰው ስንቱ አምስት ዓመት እንደሚኖር ይናገራል እንጂ እኚህ ሰውዬ መቼ እንደሚሞቱ አያውቅም። ቢሆንም ሰውዬው የሚያካፍሉት መሬት፣ የሚድሯት ልጅ፣ የሚያገኙት የንስሐ አባት አላቸው። ሌላው ሁሉ እያወቀ ባለጉዳዩ ብቻ ሳያውቅ? ደግ አይደለም።

ጓደኛችን ባለፈው ቅዳሜ ወደ ሀገር ቤቱ ሄዷል። ሊነግራቸው ይሁን ሊጠይቃቸው ብቻ፣ አልነገረንም።