አንድ ነገር በአንድ ስም

የቅኔ ሊቃውንት አንድ ቃል ሁለት ምሥጢር ተሸክሞ ሲሰሙት ደስ ይላቸዋል፤ ሰሙን ገልጦ ወርቁን ማግኘት የትምህርታቸው ፍሬ ነውና። እኛም ይህንኑ እየሰማን ስላደግን፣ በምንጽፈው ሁሉ ቃልን መለዋወጥ የብዕር ጌጥ ይመስለናል። ነገር ግን ለሥራ መምሪያ በሚሆን ጽሑፍ፣ ይልቁንም በጽሑፍ ትእዛዝ ለሚሠራ የኮምፒዩተር ፕሮግራም በሚዘጋጅ መምሪያ፣ ይህ ጌጥ ጉዳት ያመጣል።

እንዲህ ባለው ፕሮግራም ሠራተኛው ትእዛዙን ፊደል በፊደል ይጽፋል፤ ማሽኑም አሳቡን ሳይሆን የተጻፈለትን ብቻ ይፈጽማል።

ከገዛ ቋንቋችን ምሳሌ እንውሰድ። የተጀመረን ሥራ ማቋረጥም፣ የተቀመጠን ፋይል ማጥፋትም በአማርኛ «መሰረዝ» ይባላሉ። እንግዲህ መምሪያው «ካላስፈለገ ሰርዘው» ቢል አንባቢው የትኛውን ያድርግ? የተቋረጠ ሥራ ነገ እንደ ገና ይጀመራል፤ በዩኒክስ «አርኤም» በተባለው ትእዛዝ የጠፋ ፋይል ግን ተመልሶ የሚነሣበት የቆሻሻ ቅርጫት የለውም። ቅጂ ያላኖረ መሥሪያ ቤት የዓመታት መዝገቡን በአንድ መስመር ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ አንዱን «አቋርጥ»፣ ሌላውን «አጥፋ» ብሎ ለይቶ እስከ መጨረሻው ገጽ መጽናት ይገባል።

ሁለተኛው ጉድለት የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ይኸውም ለአንድ ነገር ብዙ ስም መስጠት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የተጀመረው «ጊት» የተባለው ፕሮግራም፣ ለሚቀጥለው ምዝገባ የተመረጡ ለውጦች የሚቆዩበትን አንዱን ስፍራ «ኢንዴክስ»፣ «ካሽ»፣ «ስቴጂንግ ኤሪያ» በሚሉ ሦስት ስሞች ሲጠራው ኖሯል። ጀማሪው ሦስት ልዩ ልዩ ስፍራ ያለ ቢመስለው አይፈረድበትም።

የቀደሙት ለሥርዓት አስበው ነበር። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1971 የወጣው የመጀመሪያው የዩኒክስ መምሪያ ለየትእዛዙ ስሙን፣ የአጻጻፉን መልክና መግለጫውን በተመሳሳይ አርእስት ሥር በተራ አስቀምጧል። ስለዚህ አንዱን ገጽ የለመደ አንባቢ ሌላውን ለማንበብ አይቸገርም።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በነጋሪት ጋዜጣ የሚወጡ አዋጆች ከመነሻቸው «ትርጓሜ» የሚል አንቀጽ አላቸው፤ በዚያ የተተረጐመ ቃል እስከ ፍጻሜው በዚያው ፍቺ ይጸናል። የመምሪያ ጸሐፊም እንዲሁ አስቀድሞ የቃላቱን ዝርዝር ያዘጋጅ፤ ከዚያም አይናወጥ። ጽሑፉ ቢደጋገምበት አይፈር፤ በሩቅ ወረዳ ብቻውን ተቀምጦ የሚያነበው ባልደረባችን የሚጠይቀው ሰው የለውምና። ወርቁን ለቅኔ ትተን፣ ለእርሱ ሰሙን ብቻ እናቅርብለት።