ስለ ወንድሜ ዱቤ

ሰው በልጅነቱ የተማረው ነገር እስከ ሽምግልናው ይከተለዋል። እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ፣ በ1963 ዓ.ም. የ12 ዓመት ልጅ ሆኜ፣ የሚያሰክር መጠጥ እንደማልቀምስ፣ መጠጥ ቤትም እንደማልገባ በጽሑፍ ቃል ገብቼ ፈርሜአለሁ። እጄ ገና አልጸናም ነበርና ፊርማዬ ጠማማ ሆኖ ቀረ። ቃሉን ግን እስከ 2008 ዓ.ም. ድረስ ሳላጓድል ጠበቅሁ። በዚያ ዓመት ግማሹን አፈረስሁት፤ እንዴት እንደ ሆነም ለአንባቢዬ ላጫውት።

በዘጠኝ ዓመት የሚበልጠኝ ወንድም ነበረኝ። «ጋሼ» እያልሁ ነበር የምጠራው። ከእኔ አስቀድሞ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በአንድ ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ሆነ። ይህም የእርሳስ ፊደል አንድ በአንድ ከመሳቢያ እያነሣ የሚደረድር ሠራተኛ ማለት ነው፤ ዛሬ ሙያው ከመጥፋት ደርሷል። ከዚያች ከትንሿ ደመወዙ ቀንሶ ለእኔ የደብተርና የልብስ ይልክልኝ ነበር። ስለ መጠጥ ክፋት የተማርሁት እርሱ በገዛልኝ ደብተር ላይ እየጻፍሁ ነው። እርሱ ግን ይጠጣ ነበር።

በ1997 ዓ.ም. በልጄ ሠርግ ቀን ሰክሮ መጥቶ በሽማግሎች ፊት አሳፈረኝ። እኔም፣ «ከእንግዲህ ወዲህ ደጄን እንዳትረግጥ» አልሁት፤ እርሱም አልረገጠም። 11 ዓመት ሙሉ፣ እርሱ ካዛንችስ እኔ ጉለሌ፣ በአንድ ከተማ እየኖርን ሳንተያይ ቀረን። ከዚያ በኋላ በጉበት ሕመም ሞተ።

ጥቂት ሰዎች አግኝቼ ከእነርሱ ጋር የምቀብረው መስሎኝ ብሄድ፣ ድንኳን ተተክሎ፣ ንፍሮ ተቀቅሎ፣ ሰዉም ሞልቶ አገኘሁ። ከአልቃሾቹ አንዱን እንኳ አላውቅም። በሦስተኛው ቀን አንድ ሽማግሌ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ወንድምዎ በሦስት ቤት ዱቤ ነበረበት፤ ሳይከፈል ቢቀር ነፍሱ ደስ አይላትም» አሉኝ። የቤቶቹንም ምልክት ነገሩኝ።

ካዛንችስ ስሙን ያገኘው ከጣልያን ወረራ ዘመን ነው። ጣልያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት የሚያሠሩበት «ኢንቺስ» የሚባል ድርጅት ነበራቸው፤ «ካዛ ኢንቺስ» የተባለው የድርጅቱ ቤት በእኛ አፍ ካዛንችስ ሆነ። ከድንጋይ ቤቶቹ ኋላ ግን የጭቃ ቤቶች ተጠጋግተው ተሠርተው ነበርና የወንድሜ መንደር እዚያ ነበር።

መጀመሪያ የሄድሁት ወደ ጠጅ ቤቱ ነው። በሩ ላይ ደርሼ ሁለት ጊዜ ተመለስሁ። የሚያየኝ ተማሪ እንዳይኖር ወደ ኋላዬ መመልከቴን አልደብቅም፤ 36 ዓመት አስተምሬ በ57 ዓመቴ እንደ ልጅ ፈራሁ። ስገባ በረጅሙ አግዳሚ ላይ የተቀመጡት ሁሉ ብርሌአቸውን አስቀምጠው ከወገባቸው ብድግ አሉና፣ «ኖር!» አሉኝ። እኔ የናቅኋቸው ሰዎች ለሽበቴ ተነሡልኝ። «በእግዜር» የምትለውን ቃል ለመመለስ እንኳ አፌ ተያያዘ።

ባለቤቲቱ ለስላሳ፣ መካከለኛ ወይስ ደረቅ እንደምፈልግ ጠየቀችኝ። የማን ወንድም እንደ ሆንሁ በነገርኋት ጊዜ ግን ምንም ሳትናገር ብርዝ አመጣችልኝ። ብርዝ ጌሾ ያልገባበት፣ ገና ያልፈላ የማር ውሃ ስለ ሆነ ከቃሌ ጋር አልተጣላም። አጠገቤ የነበሩት ሰው የማር ዋጋ ከተወደደ ወዲህ በየቤቱ ስኳር እንደሚቀላቀል፣ በዚህ ቤት ግን ይህ እንደማይደረግ በብርቱ አስረዱኝ። ደብተሩ ተገለጠና የወንድሜ ዕዳ 340 ብር ሆኖ ተገኘ፤ ከፈልሁ።

ሁለተኛው ግሮሰሪ ነበረ። ስሙ ከባሕር ማዶ የመጣው ለሸቀጥ መደብር ቢሆንም በእኛ ከተማ ግሮሰሪ ማለት ቢራ የሚጠጣባት ጠባብ ቤት ናት። ቀኑ የደመወዝ ቀን ነበረ። አንዲት ሴት ሕፃን አዝላ ከበሩ ውጭ ቆማለች፤ ባልዋ፣ የጥበቃ ልብሱን እንደ ለበሰ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ይጠጣል። ባለቤቱም አይቶ እንዳላየ ሆነ። 215 ብር ከፍዬ ሳልቀመጥ ወጣሁ። የወንድሜ ሚስት ጥላው የሄደችው እንዲህ ባለ ቀን ይሆን? ሴትዮይቱን «ግቢና ጥሪው» ልላት አሰብሁ፤ ሳልላት አለፍሁ።

ሦስተኛው በአጥሩ ጫፍ እንጨት ላይ ጣሳ የተደፋበት ጠላ ቤት ነው። ባለቤቲቱ መበለት ናቸው፤ ማንበብ ስለማይችሉ ዱቤውን በግድግዳ ላይ በከሰል እየሠረዙ ይይዛሉ። «የኔ እናት፣ የወንድሜ ስንት ነው?» ብላቸው፣ አንድ የታጠበ ግድግዳ አሳዩኝ። «ጠርጌዋለሁ። የልጅ ልጄን ፊደል ያስቆጠራት እርሱ ነው» አሉ። ልጅቱንም ጠሯት። ማተሚያ ቤቱ የእርሳስ ፊደል በተወ ጊዜ ወንድሜ ለመታሰቢያ ጥቂት ይዞ ወጥቶ ኖሮ፣ በእርሱ ነው ያስተማራት። የእርሳስ ፊደል ፊቱ ተገልብጦ የሚቀረጽ ነውና ልጅቱ ቀጥ ያለውንም የተገለበጠውንም እኩል ታነባለች። እኔ በዘመኔ ሁሉ እንዲህ ያለ ተማሪ አላገኘሁም።

ከዚያ ሴትዮይቱ፣ «እርስዎ መምህሩ ነዎት? ወንድሜ ከመጣ ጠላ እንዳትቀጂለት፣ ቡና አፍይለት ብሎ አስጠንቅቆኝ ነበር» አሉኝ። ስንት ዓመት እንዲህ ሲል እንደ ኖረ ለመጠየቅ አልደፈርሁም።

ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ወደዚያ ቤት እየሄድሁ ቡና እጠጣ ነበር። የጸሎት ወንድሞቼ ሰምተው ወቅሰውኛል። አልፈርድባቸውም፤ ወንድሜን የገደለው ያው መጠጥ ነውና። እኔ ዛሬም አልጠጣም።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንችስ ሲፈርስ ቤቱ ከግድግዳውና ከከሰሉ ጋር ሄደ። ሴትዮይቱ በከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ገቡ። በዚያ ጋን ማጠንና ድፍድፍ መጣል አይመችምና ጠላው ቀረ። ባለፈው ሐሙስ በሁለት ታክሲ ሄጄ፣ ሦስተኛ ፎቅ ወጥቼ ትንፋሼ ተቆራርጦ በሩን ብከፍት፣ ከዱሮው ደንበኞች ሦስት ሽማግሎች ከአልጋው ጠርዝ ላይ ተደርድረው ቡና ይጠብቃሉ። ጉልበታቸውን ይዘው ብድግ አሉና «ኖር!» አሉኝ።

«በእግዜር» ብዬ በተረፈችው በርጩማ ላይ ተቀመጥሁ።